ካሮልተን የወረደ እሑድ

ሐሙስ

ዳኛው ካሳሁን ሆነ። የሊጉ ሊቀ መንበር አቶ ተፈራ በስልክ ግሩፑ ላይ ለጠፉት። ከሥሩ ሁሉም አውራ ጣት አደረገ፤ አንድም ሰው ቃል አልጻፈም።

ሊጋችን ደመወዝ የሚከፈለው ዳኛ የለውም። በሳምንቱ የሚያርፈው ቡድን አንድ ሰው አውጥቶ ያጫውታል። ደንቡ እኛ ዳላስ ከመምጣታችን በፊት የነበረ ነው። እሑድ ካሮልተን ከፎርት ዎርዝ ይጫወታል፤ የሚያርፈው ኧርቪንግ ነው፤ የኧርቪንግ አሠልጣኝ ደግሞ ካሳሁን ነው። እስከዚህ ድረስ ምንም የለበትም። ሠንጠረዡን ላየ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ካሮልተን ከተሸነፈ ወደ ሁለተኛ ምድብ ይወርዳል፣ ኧርቪንግ ይተርፋል። አቻ ከወጣ ወይም ካሸነፈ የሚወርደው ኧርቪንግ ነው። ካሳሁን የራሱን ቡድን ዕጣ የሚወስን ጨዋታ ሊዳኝ ነው።

ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገርም። ካሳሁንን «አንተ ባትዳኝ» ማለት «ሌባ ነህ» እንደ ማለት ሆኖ ይቆጠራል። ይሉኝታ አፍ ይይዛል።

በአማርኛው ሬዲዮ ቅዳሜ ቅዳሜ የክለቦችን ታሪክ አቀርባለሁ። የሚቀጥለው ሳምንት ተራ የካሳሁን የድሮ ክለብ ነው፤ ኦስትሪያ ውስጥ፣ ሸለቆ ውስጥ የተቀመጠች ከተማ። እስካሁን የያዝኩት፦ የእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኞች መሠረቱት። ከመንደር ውድድር ተነሥቶ አንደኛ ምድብ ገባ። ወረደ። ተመለሰ። ፕሬዚዳንቱ ከሰረ፣ ክለቡ ፈረሰ፣ በሌላ ስም ከታች ጀመረ። ወጣ። ወረደ። ካሳሁን በስደት ቪየና ከገባ በኋላ በተከላካይነት ወሰዱት። ጉልበቱ ልምምድ ላይ ተሰብሮ ኳስ አቆመ።

የጎደለኝ፦ የመጨረሻው መውረድ እንዴት እንደነበረ። ካሳሁን ሁልጊዜ እሱ ጋ ሲደርስ ወሬ ይለውጣል።

ዓርብ

የካሳሁን መኪና የፊት ጎማዎች በቢላ ተቀደዋል። አፓርታማው ደጃፍ፣ ጠዋት ወደ ሥራ ሊወጣ ሲል አገኛቸው። እኔ ግሬፕቫይን ያለ ሆቴል ሹፌር ነኝ፤ የሆቴሉን ሚኒባስ መልሼ ስሄድ አደረስኩት፤ ኤርፖርት ዕቃ ጭነት ላይ ነው የሚሠራው።

«የኋላዎቹን ትተውልኛል» አለኝ። «ያረጁ መሆናቸውን አይተው አዝነውልኝ ነው።»

መንገድ ላይ ያሰብኩትን ነገርኩት፤ ዳኝነቱን ተው አልኩት። አሁን ብተወው ሊሰርቅ ነበር ይሉኛል፣ ካሮልተን አቻ ወጥቶ የእኔ ልጆች ከወረዱ ደግሞ የራሱን ቡድን ሸጠ ይሉኛል አለ። ሁለቱንም አስቦበታል። እሺ፣ እየዳኘህ ካሮልተን ቢሸነፍስ አልኩት። ኤርፖርቱ ጋ ስንደርስ በሩን ከፍቶ ወረደ።

አቶ ተፈራ ጋ ደወልኩ። «በእኛ መሃል ምን አለና ነው፣ መስፍን? ሁላችንም አንድ ቤተ ክርስቲያን የምንሳለም ሰዎች ነን» አሉኝ። ስለ ጎማው ስነግራቸው የሰፈር ዱርዬ ይሆናል አሉ።

ስለ ኦስትሪያው ክለብ ያገኘሁት አዲስ ነገር፦ በመጀመሪያው መውረድ ደጋፊዎች የጎሎቹን መረብ አቃጠሉ። በሁለተኛው የመስመር ዳኛው በጠርሙስ ተፈነከተ። ክለቡ ራሱ ባሳተመው ታሪክ ላይ አንዱም የለም። እዚያ የሚገኘው ስንት ጊዜ እንደወጣ ብቻ ነው።

እሑድ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ሜዳው ካሮልተን፣ ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ። ሙቀቱ ሣሩን አድርቆታል። ፀሐይ አናት ላይ።

የመጀመሪያው አጋማሽ፦ ካሮልተን አንድ አገባ። ብዙ ቢጫ። አንድ የፎርት ዎርዝ ልጅ አፍንጫው ተሰብሮ ወጣ። ከመስመሩ ዳር አንዱ ካሳሁንን «የኧርቪንግ ዘበኛ» እያለ ይጠራው ነበር፤ ሰው ይስቃል። ካሳሁንም ፈገግ ይል ነበር።

ከእረፍት በኋላ ፎርት ዎርዝ አቻ አደረገ። አቻ ለካሮልተን ይበቃል። ሰዓት መግደል ጀመሩ። መገፋፋት፣ ምራቅ መትፋት። ሊያልቅ ሲል ኳስ ከክንፍ ተሻማች። ቢኒያም፣ የካሮልተኑ አምበል፣ ዘሎ በእጁ መለሳት። ፊት ለፊቱ ነበርኩ። እጅ ነው። ካሳሁን ነፋ፤ ወደ ፍጹም ቅጣት ምቱ ነጥብ ጠቆመ።

ጎል። ወዲያው የመጨረሻው ፊሽካ።

ቢኒያም የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ይሠራል። ሽማግሌዎችን እያነሣ የሚያጥብ፣ አልጋ ላይ የሚያስተኛ ሰው ነው። እየሮጠ መጥቶ የካሳሁንን አገጭ በቡጢ መታው። ካሳሁን ወደቀ። ሌሎችም ከበቡት። አንዱ የማዕዘኑን ባንዲራ ዘንግ ነቅሎ ጀርባው ላይ ሰበረው። ካሳሁን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ነበር፤ ተደግፎ ሊነሣ ሲል አንዱን እጅ አወረደ። ያኔ ቢኒያም በታኬታው ዓይኑን ረገጠው። ደገመው። ድምፁን ሰማሁ።

ገብቼ ወገቡን ይዤ ጎተትኩት። ክርኑ አፌን መታኝ፤ አንድ ጥርሴ ይነቃነቃል። ዞሮ ሲያየኝ ያወቀኝ አልመሰለኝም።

ካሳሁንን ጭነው ሲወስዱት ከኋላ ተከተልኩ። ስለዚህ ፖሊሶቹ ሜዳው ላይ ሲጠይቁ አልነበርኩም።

ሰኞ

የዓይኑ ጎድጓዳ አጥንት ተሰብሯል። አገጩ ተሰንጥቋል። ሁለት የጎድን አጥንት። የግራ ዓይኑን ዛሬ ቀደው ሰፉት፤ ሐኪሟ ያያል ወይም አያይም አልልም አለች።

ባለቤቱ አስቴር ከትናንት ጀምሮ አልተቀመጠችም። ፖሊስ ሜዳ ላይ የተነገረውን ዛሬ አነበበላት፦ ዳኛው ወደ ኋላ ሲሮጥ ከጎሉ ብረት ጋር ተጋጨ። የተናገሩት አቶ ተፈራ ናቸው። ሌላው ሁሉ አላየንም ብሏል፤ ከፎርት ዎርዝ ልጆች እንኳ የተናገረ የለም።

«የጎል ብረት ታኬታ ያደርጋል?» አለችኝ አስቴር። «ፊቱ ላይ የጥርሱ ምልክት አለ እኮ፣ ወንድሜ።»

አለ። አየሁት። የታኬታው ጥርሶች ጉንጩ ላይ ተደርድረዋል።

ማክሰኞ

አቶ ተፈራ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሆስፒታል መጡ። ብርቱካንና ሙዝ ይዘዋል። አልጋው ሥር ቆመው ጸለዩ። ቀጥለው ወደ ነገሩ ገቡ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደ ለቅሶ ቤት።

ያሉት ባጭሩ፦ ቢኒያም ያለው ግሪን ካርድ ነው። ለዜግነት ቃለ መሐላ ተጠርቷል። ስሙ ከተነሣ ይታሰራል፣ ከታሰረም በኋላ አገር ሊያስለቅቁት ይችላሉ። ስለዚህ ካሳሁን ሲጠየቅ የጎሉን ብረት ይበል። የሕክምናውን ወጪ ሊጉ ያዋጣል። ካሮልተን በዲሲፕሊን ይቀጣል። ቢኒያም መጥቶ እግሩ ላይ ይወድቃል። «በእኛው መሃል እንጨርሰው» አሉ አቶ ተፈራ።

አስቴር ብርቱካኑን አንሥታ ኮሪደሩ ውስጥ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣለችው። ሽማግሌዎቹ እንዳላዩ ሆኑ።

ካሳሁን የተኛ መሰለኝ። ከሄዱ በኋላ ግን አንድ ዓይኑን ገልጦ ወንበሩን አስጠጋ አለኝ። አገጩ ስለሚያመው ቀስ እያለ ነው የሚናገረው። በራሴ አማርኛ አላሳምረውም፤ ያለኝን እጽፈዋለሁ።

«ጉልበቴ ልምምድ ላይ አልተሰበረም። የወረድን ዕለት ነው። ኳሷን ለበረኛዬ ስመልስ አጠረችብኝ፣ አገቡብን፣ ወረድን። አውቶቡሱ ጋ ጠበቁኝ፤ የራሳችን ደጋፊዎች። አንዱ ብረት ይዞ ነበር። ፕሬዚዳንቱ በማግስቱ አበባ ይዞ መጣ። ደጋፊ መታኝ ካልክ ፌዴሬሽኑ ነጥብ ይቀንስብናል፣ ከዚህም በታች እንወርዳለን አለኝ። ልምምድ ላይ ነው አልኳቸው። ፈርሜ ሰጠሁ። በዓመቱ ክለቡ ተመልሶ ወጣ። ከተማው ሙሉ ሲጨፍር ነበር፤ እኔ በክራንች ቆሜ በመስኮት አያቸዋለሁ። የመታኝ ልጅ ከጨፋሪዎቹ ጋር ነበር። አየኝ፣ ብርጭቆውን አነሣልኝ።»

ምን ልታደርግ ነው አልኩት።

«ጎል ብረት አልልም» አለ።

ረቡዕ

መርማሪው መጣ፤ ረጅም፣ ትዕግሥተኛ ሰው። ካሳሁን የቢኒያምን ስም ከነአባቱ ነገረው። ሁለት ጊዜ አስደገመው፣ ጻፈ። ቀጥሎ ኮሪደር ላይ እኔን ጠየቀኝ። ያየሁትን ተናገርኩ፦ ቡጢው፣ ዘንጉ፣ ታኬታው፣ የመጀመሪያው፣ ሁለተኛው። የእጁን ኳስም። እሱ ለምን እንደሚጠቅም አልገባውም፤ ቢሆንም ጻፈው።

ማታ የስልክ ግሩፑ ተቃጠለ። ከተጻፈልኝ፦ «ጋዜጠኛ ነኝ ብሎ ሰው ያሳስራል።» «ሶ አንድ ፔናልቲ ለአንድ ሰው ሕይወት?» «ሪፖርት ያደረገውን እናውቀዋለን፣ ግሬፕቫይን ነው የሚሠራው።» ሦስተኛውን የጻፈው ልጅ ባለፈው ፋሲካ ቤቴ በልቷል። አቶ ተፈራ ከግሩፑ አስወጡኝ።

የኧርቪንግ ልጆችም በምድባችን መትረፋችንን በዚህ አታቆሽሹብን አሉ። ለዚያኛው ክለብ ሲባል ጉልበቱን፣ ለዚህኛው ዓይኑን።

ዓርብ

ትናንት አልጻፍኩም። የመኪናዬን የኋላ መስታወት በድንጋይ ሰበሩት፤ የሹፌሩን በር ከጫፍ ጫፍ ቧጠጡት። ድንጋዩ መቀመጫው ላይ ነበር፣ የቡጢ ያህላል። ፖሊስ ጠርቼ ፎቶ አስነሣሁ። ጎረቤቴ ሜክሲኳዊቷ መጥረጊያ ይዛ ወጥታ አብራኝ ጠረገች።

ፈርቻለሁ። መጻፍ አለበት። ዛሬ ሚኒባሱን ስነዳ ወደ ኋላ ማሳያው መስታወት ከመንገዱ ይልቅ ብዙ አየሁ።

የሬዲዮውን ጽሑፍ ጨረስኩ፤ ቀረጽኩት። ክለቡ ስንት ጊዜ እንደወጣ አለበት። በወረደባቸው ጊዜያት ማን እንደተመታም አለበት። ካሳሁንን ስሙን ልጥራው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «ጥራው» አለ። «ብረቱንም ጥራው።» አዘጋጁ ትንሽ ቆርጠን እናሳጥረው ይሆናል አለኝ። ከቆረጥክ ሙሉውን መልስልኝ አልኩት።

የቢኒያም ስም የእስር ማዘዣ ላይ ወጥቷል። ቤቱ ውስጥ ግን የለም አሉ። አስቴር ቤቷ በሩን በወንበር ደግፋ ነው የምትተኛው።

ቅዳሜ

ቢኒያም ጠዋት ደወለ። ከማላውቀው ስልክ ነበር።

«ጋሼ መስፍን፣ እኔ ነኝ። እንዳይዘጉብኝ።»

አልዘጋሁም። ራሱን ሊሰጥ እንደሆነ፣ ብቻውን መግባት እንዳቃተው ነገረኝ። ጓደኞቹ ወደ ሌላ ስቴት ውጣ ይሉታል፣ መኪና አዘጋጅተውለታል። ወጥመድ ይሆን ብዬ አሰብኩ። የት እንዳለ ጠየቅኩት፤ ካሮልተን፣ ባቡር ጣቢያው መኪና ማቆሚያ አለኝ። ለአስቴር የት እንደምሄድ ጻፍኩላትና ሄድኩ።

ብቻውን ነበር። የሥራ ልብሱን ለብሷል፤ የነርስ ረዳቶች የሚለብሱትን ሰማያዊውን። አልተላጨም። የቀኝ እጁ አንጓ አሁንም አብጧል። ሲገባ የተሰበረውን መስታወት በላስቲክ እንደሸፈንኩት አየ፤ እሱ እንዳልሆነ ሊነግረኝ ጀመረና ተወው።

ጥቂት እንደሄድን፦

«እጄን ነክታኛለች፣ ጋሼ። ኳሷ። ያኔም አውቄያለሁ።»

መሪውን ጨብጬ ያዝኩ። ልመታው ፈለግሁ። በዚህ ዕድሜዬ መኪና አቁሜ ሰው ልመታ ፈለግሁ። አላቆምኩም።

«ያያል?» አለኝ።

«አልታወቀም።»

ፖሊስ ጣቢያው ደረስን። በሩ ላይ ቀበቶውንና የጫማውን ክር እንዲፈታ ነገሩት። ጎንበስ ሲል ማጅራቱ ልጅ ይመስላል። ሠላሳ አልፎታል።

እኔን ወንበር ላይ ጠብቅ አሉኝ። ይህን እዚያው ተቀምጬ ነው የምጽፈው። አስቴር አሁን ደወለች። ለካሳሁን የዓይኑን ጨርቅ ፈትተውለታል፤ መስኮቱ ያለበትን ጎን በግራው ለይቷል፣ የእሷን ፊት ግን አላየም። ሐኪሟ ሌላ ቀዶ ጥገና አለች፣ ተስፋ አልሰጠችም፣ አልነፈገችምም።

እኔ የት እንዳለሁ፣ ከማን ጋር እንደመጣሁ ነገርኳት። 

«ይታሰር» አለች። «ግን እስኪያስገቡት ድረስ እዚያው ቁጭ በል። ጥለውት ሄዱ እንዳይባል።»

ተቀምጫለሁ። በመስታወቱ ማዶ ቢኒያም ለፖሊሷ እጁን እያነሣ የሆነ ነገር ያሳያታል፤ ቡጢውን ይሁን ኳሷን አልለየሁም።