ከኮርቻው አልወደቅህም

ልጄ ላምቤቦ፣ ከተለየኸን ሃያ ሁለት ክረምት አለፈ። ፊደል እንደማልቆጥር ታውቃለህ፤ እኔ እናገራለሁ፣ እህትህ ትጽፋለች። አስተማሪ ሆናለች። እናትህ አርፋለች። ጣልያን መጣ ተብሎ ክተት ሲታወጅ በፈረስ የሰለጠናችሁበት ሜዳ ላይ ዛሬ የሆሳዕና ልጆች ኳስ ይጫወታሉ።

ባለፈው ሳምንት ሞርሲቶ መንደር ለቅሶ ብሄድ አንዱ እኩያዬ ሰው ፊት እየሳቀ፣ የዚያ ከኮርቻ የወደቀው ልጅ አባት መጣ፣ ቦታ ልቀቁለት አለ። የለቀቁልኝ ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ዝም ብያለሁ። ይበቃል።

በባዶ እግሩ እንዳንተ የሚጋልብ አልነበረም። የእኛ እርካብ አውራ ጣት ብቻ የምታስገባ የብረት ቀለበት ናት፤ ስትዘል ጣትህ ሸርተት ብሎ ይወጣል፣ አለቀ። ከአዲስ አበባ የመጣው አሠልጣኝ ጫማ ያለው ከፊት ይሰለፋል ሲል ግን ልቤ አበጠ። ዳምቦያ ገበያ ወርጄ በጊደር ቡት ጫማ ለወጥኩልህ። አባዬ፣ ባዶ እግሬን ይሻለኛል አልከኝ። የሰው ልጅ ከፊት ሲሄድ አንተ ከኋላ አቧራ ልትቅም ነው ወይ ብዬ ሰደብኩህ። ቀጥቃጭ ዘንድ ወስጄ ቀለበቷን አሰፋኋት። አሁንም ጠበበች። በሞትክበት ቀን ጠዋት እግርህን ከነጫማው በሁለት እጄ ገፍቼ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

እህትህ እዚህ ላይ ብዕሩን አስቀመጠች። ጻፊ አልኳት።

ፈረሶቹ ድምፅ እንዲለምዱ ጠመንጃ ሲተኮስ ዳማው ፈረስህ ከነሌሎቹ በረገገ። ሌሎቹ ልጆች ከየኮርቻቸው እንደ ጆንያ ተዘረገፉ። አንተ እንዳስተማርኩህ ዘለህ ወረድክ፤ እግርህ ግን አልወጣም። እስከ ወንዙ ድረስ ጎተተህ። ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነበርኩ። ሰው መጥቶ ጥፋቴን ሳያይ የእርካቡን ጠፍር ቆርጬ፣ ጫማውን ከእግርህ አውልቄ ከነእርካቡ ውሃ ውስጥ ወረወርኩት። አሠልጣኙ መጥቶ፣ ይሄ ልጅ መቀመጥ አያውቅም ነበር አለ። ፈረስ አዋቂ የምባለው እኔ፣ አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። በለቅሶህ ላይ ለጀግና የሚጋለበው ፈረስ አልተጋለበልህም።

ይቅርታ አልለምንህም። ይቅርታ የሚለመነው መልስ መስጠት የሚችል ሰው ነው። የፊታችን ቅዳሜ ግን ሽማግሌዎቹን እሰበስባለሁ፤ ያ የሳቀውም ይመጣል። እህትህ ይህን ወረቀት ታነብላቸዋለች፣ እኔ ቆሜ እሰማለሁ። እስክሞት ድረስ ስምህን ባነሳሁ ቁጥር አብሬ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ልጄ አልወደቀም፣ እግሩን ያሰርኩት እኔ ነኝ።