የአባ ክሳት

አርብ፣ ግንቦት 22

ዛሬ የነፍስ አባቴ ከገበያተኛው ጋር ጤና ጣቢያ መጡ። ታክመው ሲወጡ ካርዳቸው ኮምፒውተር ላይ እንዳስገባው እኔ ጋ ደረሰ። ነርሱ የጻፈው «ጨጓራ» ብቻ ነው። ሆዳቸውን ማቃጠሉ የጨጓራው ምልክት ስለሆነ ለብቻው አይመዘገብም። ከበሽታው ጋር የማይሄድ ምልክት ሲኖር ግን ራሱን ችሎ ይመዘገባል፤ ደንባችን ነው። አባ ደግሞ ክፉኛ ከስተዋል፣ ቀሚሳቸው ሰፍቷቸዋል። ክሳታቸው ግን ካርዱ ላይ የለም። ያልተጻፈ ነገር ማስገባት አልችልም።

ነርሱን ሄጄ ጠየቅሁት።

«ሚዛን ላይ ይውጡ ብላቸው እምቢ አሉ። ጾሙ ነው ያከሳኝ አሉኝ። ምን ብዬ ልጻፍ?»

ሁዳዴ ከተፈታ እኮ ከወር በላይ ሆነው።

ሮጬ በሩ ላይ ደረስሁባቸው። «አባ፣ ይመለሱና ክሳትዎንም ይንገሩት» አልኋቸው።

«የጾም ክሳት በሽታ ተብሎ አይጻፍም፣ ልጄ» አሉኝ።

የነፍስ አባቴን ዋሹ አልላቸው ነገር። መስቀል አሳልመውኝ ሄዱ። ተመልሼ «ጨጓራ» ብዬ አስገባሁ።

ያችን ትንሽ የእጅ መስቀል ዛሬ በሁለት እጃቸው ነበር የያዟት።