የየሲን መኪናና የእኔ ድንኳን

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

የየሲንን የኤሌክትሪክ ገመድ በመቀስ አልቆረጥኩም። ወሬው ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ደርሷል አሉ። የነቀልኩት በእጄ ነው። በወጉ ጠቅልዬም በሩ ላይ ሰቀልኩለት። ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት እስከ መኪናው የተዘረጋ ገመድ... ስነካው ይሞቃል። አንዷ ጎረቤት ደግሞ የልብስ ማስጫ መስሏት ነጠላ አስጥታበታለች። እርጥብ ነጠላ።

አመሻሽ ላይ የሲን መጣ።

"እማማ አየለች፣ የኤሌክትሪክ መኪና ጠሉ እንዴ?"

"የጠላሁት መቃጠልን ነው።"

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወው። መኪናው እዚህ ተሰክቶ ካላደረ ቻርጅ ለማድረግ ተሰልፎ ሊያረፍድ ነው። የታክሲ ሥራ ደግሞ ጠዋት ነው። ሚስቱን ኢልሀምን ይዞ ግቢ ያለው ቤት ፍለጋ ወደ ከተማው ዳር ሊወጣ ያስባል።

ይውጣ። ግን ማን ሊያናድደኝ ነው?

እሑድ፣ ጥቅምት 9

የሕንፃው ስብሰባ። ጥያቄውን ያቀረብኩት እኔው ነኝ። ለየሲን መኪና የራሱ ቆጣሪ፣ የራሱ መስመር፣ በባለሙያ የተሠራ። ሁሉም ተስማማ። የሚመቸው ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ታች፣ ከቆጣሪዎቹ ግድግዳ ሥር።

ሊቀመንበሩ ኃይለየሱስ ጉሮሮውን ጠረገ። "እዚያማ የእድር ድንኳን የምንጥልበት ነው። ሰው ቢሞትስ?"

ሞት ከተጠራ እኛ ዘንድ ክርክር አለቀ።

"ማን ሊሞት ነው?" አልኩ።

ዓይኑ ሁሉ እኔ ላይ... ስድ ሁላ።

ተነሣሁ። "በዕድሜ ከሄድን ተራው የእኔ ነው። ድንኳኑ የእኔ ከሆነ ፈቃጇም እኔ ነኝ። ያን ቀን መኪናው ይነሣ፤ እስከዚያ ይሰካ።"

"ኧረ እትዬ አየለች፣ እንዲህ አይባልም..."

"እንግዲያስ እጅህን አውጣ።"

አወጣ። ተማሪዬ ሳለም እጁን የሚያወጣው ግራ ቀኙን አይቶ ነበር።

ደረጃው ላይ የሲን፣ "አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ እማማ።"

"ለእኔ ብለህ ነው ለመኪናህ?"

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ተገጠመ። ግድግዳው ላይ ነጭ ሳጥን፣ አረንጓዴ መብራት ያለው። ገመዱ በወጉ ተጠቅልሏል፤ እኔ እንዳሳየሁት።

ይኸው ልጅ አዲስ ጨዋታ አምጥቷል። ከመሰካቱ በፊት ቀና ብሎ ይጣራል።

"እማማ፣ አሉ?"

"አለሁ። ሰካ።"

ሕንፃው ሁሉ ይስቃል። ዛሬ ግን መስኮቱ አልከፈት ብሎኝ ዘገየሁ። ስከፍተው የሚስቅ የለም። የሲን ገመዱን እንደያዘ ደረጃው ደጃፍ ደርሷል፤ ሊወጣ ነበር። ፊቱ...

ነገ መጀመሪያ የመስኮቱን ማጠፊያ ዘይት እቀባለሁ። ከዚያ ወንበሬን ወደ መስኮቱ አስጠጋለሁ።