በእኔ ኢቃማ የታከምሽ ለታ

ለውድ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ዘንድሮ ጤናሽን የምጠይቀው ለወጉ ያህል አይደለምና እስከ መጨረሻው አንብቢኝ። አዲሱ ትዳርስ እንዴት ይዞሻል? እኔ ትንሽ ታምሜ ነበር፤ አሁን ግን ከአሠሪዬ ከማዳም ጋር መነታረክ ስለጀመርኩ ድኛለሁ ማለት ነው።

ወረቀቱን ወደ አገር በምትገባው በሳሮን እጅ የላኩት በስልክ ስናወራ ባልሽ ካጠገብሽ ስለማይጠፋ ነው። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው፤ ከዚያ ቅደጂው።

ያን ለታ ድንገተኛ ክፍል የተቀበለሽን ዶክተር ሐምዛን መቼም አትረሺውም። ዛሬም ሳምንቱን ሙሉ ሆስፒታል ሲሯሯጥ ከርሞ፣ ዓርብ ከልጆቹ ጋር እንደ ማረፍ፣ ጀበል አል-ሁሴን ሰፈር በተከራያት ክፍል ወረቀት የሌላቸውን የእኛን አገር ልጆች ሲያክም ይውላል። አስተርጓሚው እኔው ነኝ። ሚስቱ ማኩረፉ ሲሰለቻት ምሳውን እዚያው ትልክለት ጀመር፤ እሱ ደግሞ ለበሽተኛ ያድለዋል። ስኳር ያለባቸውን እየተቆጣ እሱ ሻዩን በአራት ማንኪያ ስኳር ይጠጣል። ብናገረው ሐኪሙ ማን ነው ይለኛል።

ከወር በፊት ስዌፍየህ ሰፈር፣ ማዳም ቤት መስኮት ስወለውል ቀኝ ጎኔን ወግቶ ጣለኝ። ማዳም በታክሲ የወሰደችኝ የት መሰለሽ? የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ስላልነበረሽ በእኔ ኢቃማና በእኔ ስም የታከምሽበት ሆስፒታል። ፎቶዬን አይተው አንቺ ነሽ ብለው መቀበላቸው እስካሁን ያናድደኛል፤ በመልክ እበልጥሻለሁ።

ወጣቷ ሐኪም ከዚህ በፊት ቀዶ ጥገና ተደርጎልሽ ያውቃል ወይ አለችኝ። እኔ ብልጧ፣ ከፋይሉ እንዳልጋጭ ብዬ፣ እዚሁ ትርፍ አንጀቴ ወጥቷል አልኳት። አንቺ የነገርሽኝ እሱን አይደል? ካርዴን ማዋሴ ከታወቀ ወደ አገር መባረሬ ነው። እሷም ትርፍ አንጀት ካልሆነ ሌላ ነው ብላ ማስታገሻ አዘዘችልኝ። እኔ ግን እየባሰብኝ ሄደ።

በኋላ ዶክተር ሐምዛ ፋይሌን ይዞ መጣ። አነበበ፤ ማዳምን ውጭ ጠብቂ አላት፤ ሆዴን ገልጦ አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ፋይሉ የሚለው ሌላ ቀዶ ጥገና ነው፣ ሆድሽ ምላጭ አልነካውም፣ አፍሽ ደግሞ ትርፍ አንጀት ይላል፤ ከሦስቱ ማንን ልመን ብሎ ጠየቀኝ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ሆድሽን አምኛለሁ ብሎ ለቀዶ ጥገና አስገባኝ። ትርፍ አንጀቴ ሊፈነዳ ትንሽ ቀርቶት ነበር።

ስወጣ በስሜ የተጻፈውን የሕመም ታሪክ ሰጡኝ። ሁለት ቀን ፈጅቶብኝ አነበብኩት። ያን ሰሞን ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙረሽ ስትተኚ ቁስሉ ነው ያመማት ብዬ ነበር። አልተቀየምኩሽም፣ እህቴ። የቆጨኝ እኔ አጠገብሽ ተቀምጬ አንቺ ብቻሽን ማልቀስሽ ነው።

አሁን ዓርብ ዓርብ በሩ ላይ ቆሜ፣ በሰው ኢቃማ አትታከሙ፣ እዚህ በራሳችሁ ስም ኑ እላለሁ። ያዘዘኝ እሱ ነው።

ባለፈው ጠዋት ጠዋት ያቅለሸልሸኛል ብለሽ ስትስቂ፣ እኔ ሳቁ አቃተኝ። ስም ሳልጠራ ዶክተር ሐምዛን ጠየቅኩት። ስሟን አልፈልግም፤ ብቻ ዛሬ ነገ ሳትል አልትራሳውንድ ትነሣ፣ እንደ ፊተኛው ፅንስ ከማሕፀን ውጭ እንዳይሆን ቶሎ መታየት አለበት፤ በቦታው ከሆነ ግን እንደማንኛዋም ሴት ትወልዳለች በያት አለኝ። ሲናገር የራሱን ልጅ የሚመክር ይመስል ነበር።

እባክሽ ነገ ሂጂ። ባልሽ ምን አስቸኮለሽ ካለ፣ የትርፍ አንጀቱ ቁስል ነው በይው። ካላመነ ይደውልልኝ፤ ስለ ትርፍ አንጀት ሳልዋሽ ላስረዳው እችላለሁ።

እመብርሃን በምጥሽ ቀን ከራስጌሽ አትለይ። የምሥራቹን ለመስማት ያብቃኝ።

የሁለቱም ልጆችሽ አክስት