ከሃምሳ አሥራ አንድ

ለውድ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለው ወይስ አሁንም የስፌት መኪናውን ስትረግጪ ይወጋሻል? ዓይንሽ የመርፌውን ቀዳዳ ሳይቸገር ያያል? ባለቤትሽ፣ አማትሽ፣ ልጅሽ፣ ሁላችሁም ደኅና ናችሁ? እኔ ከደም ግፊቴ ጋር ተቻችዬ አለሁ።

ደብዳቤሽ ሰኞ ደረሰኝ። ልጅሽ በሒሳብ ፈተና መውደቋን፣ በሚመጣው ወርም ከትምህርት ቤት አስወጥተሽ አጠገብሽ ስፌት ልታስይዣት መቁረጥሽን ነግረሽኛል። «ወንድም ጋሼ፣ ምን ላድርግ፤ ጭንቅላቷ በእኔ ወጥቷል» ብለሽ ቀልደሻል። ከታችም እንደ ወትሮሽ «ያንተው አሥራ አንዴ» ብለሽ ፈርመሻል። ያን ፊርማ ደጋግሜ አነበብሁት። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል፤ እኔ እውነቱን ሠላሳ አራት ዓመት አሳድሬዋለሁ።

የመመረቂያ ጥናቴ ሰው «ወድቀሃል» ከተባለ በኋላ በማግሥቱ ምን ያህል ይሠራል የሚል ነበር። ተማሪዎቹን ሒሳብ ፈትኜ፣ በዕጣ ለሁለት ከፍዬ ለግማሾቹ ትክክለኛ ውጤታቸውን፣ ለግማሾቹ ከራሴ የፈጠርሁትን ዝቅተኛ ውጤት እነግራቸዋለሁ፤ በማግሥቱ ሁሉም ዳግመኛ ይፈተናሉ፤ የሁለቱ ቡድን አማካይ ይነጻጸራል። ከሌላ ሰፈር ትምህርት ቤት የመጡልኝ ግን ሃያ ዘጠኝ ሆኑ። ሃያ ዘጠኝ ለሁለት እኩል አይከፈልም። ስለዚህ ጓሮ ልብስ ስታጥቢ ጠርቼ «ነይ እስቲ፣ አንድ ሰዓት አይፈጅብሽም» አልሁሽ። እጅሽን በቀሚስሽ አድርቀሽ መጣሽ። ለምን እንደምትፈተኚ አልጠየቅሽም፤ እኔም አልነገርሁሽም። የወላጅ ፈቃድ በሚለው ቅጽ ላይ በአባታችን ስም የፈረምሁት እኔ ነኝ።

ከሃምሳ አሥራ አንድ ማግኘትሽን ጽፌ የሰጠሁሽ ወረቀትሽን ሳላርም ነው።

በማግሥቱ አልመጣሽም። አማካሪዬ «ያቋረጠች ከስሌቱ ትወጣለች፤ ምን ያስጨንቅሃል?» አለኝ። ቁጥር ልትሞዪ ገብተሽ ቁጥር እንዳይበላሽ ወጣሽ። በጽሑፌ ውስጥ ያለሽ ድርሻ «አንዲት ተሳታፊ አቋርጣለች» የምትል አንዲት መስመር ናት። በሐሰት ውጤት ያታለልኋቸውን ሌሎቹን አሥራ አራት ልጆች መጨረሻ ላይ ሰብስቤ እውነቱን ነገርኋቸው፤ ስቀው አጨበጨቡልኝ። አንቺ በዚያው ሳምንት ትምህርት ትተሽ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ገብተሽ ነበር።

ልነግርሽ አስቤ፣ አባታችን የሐሰት ፊርማዬን ይዞ ዩኒቨርሲቲው ደጃፍ እንዳይቆም ፈራሁ። መመረቄን ጠበቅሁ፤ ከዚያ ሹመቴን፤ ከዚያ የአባታችንን ሞት። እሱ ውጤትሽን ከሰማ ወዲህ በምሳ ሰዓት «አሥራ አንዴ፣ ውኃ አምጪ፤ ይሄ እንኳ ሒሳብ አይጠይቅም» ሲልሽ ከሁሉ ጮክ ብዬ የሳቅሁት እኔ ነበርሁ።

ዛሬ የጥናት ሥነ ምግባር ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝ። የወጣቶቹን ማመልከቻ «ተሳታፊዎቹ እውነቱን መቼ ይሰማሉ?» እያልሁ በቀይ እስክሪብቶ እመልሳለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ተመራማሪ በዚሁ ጥያቄ አስለቅሼ፣ ስለ ጥብቅነቴ ተመሰገንሁ።

የፈተና ወረቀትሽን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ያረምሁት ካቋረጥሽ በኋላ ነው። ከሃምሳ አርባ ስድስት አግኝተሻል። ከሠላሳችሁ አንደኛ ነበርሽ።

የፈሰሰ ውኃ አይታፈስምና ይቅር በዪኝ ብዬ ሌላ ሸክም አልጭንብሽም። ከሙያዬ የቀረኝን አንድ ነገር ግን ስሚኝ፤ አንድ ፈተና አንድ ልኬት ብቻ ነው፣ በአንድ ልኬት በሰው ላይ አይፈረድም። ልጅቷን አታስወጫት። ያደረግሁትን ለኮሚቴዬ ልትጽፊ ብትፈልጊ አድራሻው ፖስታው ጀርባ ላይ አለ። ያለ ፈቃድሽ ስምሽን ለማንም አላነሣም፤ ፈቃድ ስጠይቅሽ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ለአናጢው ባለቤትሽ የከበረ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለአማትሽ ጆሮአቸው ሥር ጠጋ ብለሽ፣ ጮክ አድርገሽ «እንዴት ሰነበቱ ብሏል» በዪልኝ። ለልጅሽ ግን ሰላምታዬን ወረቀቱን ካሳየሻት በኋላ ንገሪያት። ጭንቅላቷ በእናቷ መውጣቱን እኔም አምናለሁ።

ወንድምሽ
(«ጋሼ» የሚለውን መጨመር ያንቺ ፈንታ ነው)

ከኮሚቴው ቢሮ፣ ሦስተኛ ፎቅ
ኅዳር 9 ቀን