በሟቹ ሩነ ቤት መስኮት ላይ የበራው መብራት

ለሴልኔስ ማዘጋጃ ቤት
የውጭ ኩባንያዎችን የመሳብ ሥራ ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ኃላፊው ለአቶ ቶርቢዮርን ሄድማን

ቀን፦ ዲሴምበር 16

ጉዳዩ፦ ከወንዙ ማዶ ባለው የሟች ሩነ ስትሬም ቤት የበራው የገና ሰሞን መብራት ከሐሙስ በፊት እንዲጠፋልኝ ስለማመልከት

ክቡር ሆይ፣

አመልካች ቱቫ ኒስካ እባላለሁ፤ ዕድሜዬ 19፣ ትምህርቴን ግማሽ ላይ የተውኩ፣ የጽሕፈት ቤትዎ የቀን ሠራተኛ ነኝ። በየስብሰባው «አንተ» ስልዎት እንደኖርኩ አልዘነጋሁም፤ ዛሬ ግን ለማኝ ስለሆንኩ እርስዎ ነዎት።

1. የኮምፒውተር ማዕከል ሊሠራ ያሰበው የውጭ ኩባንያ በመኸር ሰዎቹን ሲልክ፣ ቅዝቃዜያችንንና ኤሌክትሪካችንን ወደውልን፣ መንደሩን አይተው ግን ሰው ይኖርበታል ወይ ብለው ጠየቁ። እርስዎም በሃያ ሦስቱ ባዶ ቤቶች መስኮት ላይ፣ በዚህ ወር ሰው ያለበት ቤት ሁሉ የሚያደርገውን ባለ ሰባት ሻማ የኤሌክትሪክ መብራት እንዳስቀምጥ አዘዙኝ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል፣ በእኛ በሰሜን ጫፍ በዚህ ወር ገና በቀትር ሲጨልም፣ በራሱ ይበራል። ለሥራው የተመረጥኩት ማን ቁልፉን የት እንደሚደብቅ ከልጅነቴ ስለማውቅ ነው፤ እንደ ምስጋና ቆጥሬዋለሁ።

2. ሥራው ተሳክቷል። ሃያ ሦስት ቤት በአንድ ቅጽበት ይበራል፤ አንድም በር አይከፈትም፣ ጭስም አይወጣም። የመጀመሪያው ቀን ስቄ ነበር። አሁን በዚያ ሰዓት ሳልፍ ጀርባዬን ለመስኮቶቹ አልሰጥም።

3. ጥፋቴን ልናዘዝ። በሩነ ቤት ከመብራቱ ጀርባ፣ ወንበር ላይ መጥረጊያ አቁሜ የሟቹን የራሱን የበግ ጠጉር ቆብ ደፋሁበት። በወሩ መጀመሪያ እንግዶቹ ተመልሰው ሲመጡ ከአውቶቡሱ ውስጥ እጃቸውን አውለበለቡለት። እርስዎም ሆድዎን ይዘው ሳቁ።

4. ሩነ የሞተው በማርች ነው። እህቱ ወይዘሮ አስታ፣ 84 ዓመታቸው፣ ከወንዙ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። አርባ ክረምት ሙሉ ሩነ የመስኮቱን መብራት ካበራ «ነይ» ማለቱ ነበር። እሳቸውም የቀቀሉትን ፓልት የሚባል የድንች ድብልብል፣ ያውም የአሳማ ሥጋ የተሞላበትን፣ በጨርቅ ጠቅልለው በበረዶ በረጋው ወንዝ ላይ የበረዶ መንሸራተቻቸውን እየገፉ ይሻገሩ ነበር። መብራቱን ሳስቀምጥ ይህን አላሰብኩም። እርስዎም አላሰቡም።

5. መብራቱን አይተው ወደ ሩነ ቤት ሲሻገሩ መሀል ወንዝ ላይ ደረስኩባቸው። ዘንድሮ ከላይ ያለው ግድብ ውሃ እየለቀቀ በረዶው ከሥሩ ባዶ ነው፤ ስንቆምበት ሲሰነጠቅ ይሰማል። ሩነ እንደሞተ፣ ቀብሩ ላይ አብረን እንደቆምን፣ ያዩትም መጥረጊያ እንደሆነ ነገርኳቸው። ሳቁብኝ። «አንቺ ልጅ፣ አምና ፖስታ ቤቱ ተቃጠለ ብለሽ በካልሲ አላስሮጥሽኝም? ዞር በይልኝ፤ ፓልቱ ይቀዘቅዝበታል» አሉኝ።

6. ቆቡን አነሳሁ፤ መምጣታቸው አልቀረም። መብራቱን ነቀልኩ፤ ጽሕፈት ቤትዎ መልሶ ሰክቶ የበሩን ቁልፍ ቀየረ። እንግዶቹ መስኮቶቹን ስለቆጠሩ ውሉ እስኪፈረም አንድም እንዳይጨልም የሚል ደብዳቤም ደረሰኝ። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ቀን ወንዙ ዳር እየጠበቅሁ እመልሳቸዋለሁ። ትናንት ፓልቱን ከነሳህኑ ሰጥተውኝ «እሺ፣ አንቺው አድርሺለት» አሉ። አደረስኩ፤ ደጃፉ ላይ አኖርኩት። ዛሬ ጠዋት ሳህኑ ባዶ ነው። ቀበሮ ነው ብያለሁ። ሌሊቱን ግን በረዶ አልጣለም፣ ከእኔም ዱካ በቀር ዱካ አላገኘሁም።

7. ኩባንያው እንዲመጣ ከእርስዎ ይልቅ እኔ እፈልጋለሁ፤ እኩዮቼ ሁሉ ወደ ደቡብ ሄደው የምቀልድበት ሰው አጥቻለሁ። ነገር ግን ሐሙስ በሰባት ሰዓት ተኩል ውሉን ሊፈርሙ የሚመጡትን እንግዶች አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ እንድቀበል መድበውኛል። በዚያ ሰዓት ወንዙ ዳር የሚቆም ሰው አይኖርም።

ስለዚህ ሃያ ሁለቱ እንደበሩ ሆነው ያ አንዱ ብቻ እንዲጠፋ፣ ይህ ካልሆነም ሐሙስ በእኔ ቦታ እርስዎ ራስዎ ወንዙ ዳር እንዲቆሙልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። ከቆሙ ወይዘሮ አስታን ከሩቅ አይጥሯቸው። ሲጠሩ ይፈጥናሉ።

አሁን ሰባት ሰዓት ከሃያ ነው፤ መብራቱ ገና ሳይበራ በራቸው ሲከፈት ይታየኛል። ፊርማዬ የተጣመመው ወንዙ ዳር ቆሜ ስለፈረምኩ ነው።

ከይቅርታና ከሰላምታ ጋር፣
ቱቫ ኒስካ