ሐይቁን ያልለቀቀው ዓሣ

ለታናሽ እህቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እዚያ ከተማ ሙቀቱ በርትቷል ሲሉ ሰምቼ እንቅልፍ ነስቶሽ ይሆናል እያልኩ ነበር። እኛ ደኅና ነን። ዓሣው ከባሕር ወደ ሐይቁ መመለስ ስለጀመረ የድንጋይ ግድቡን ጠግነን ጦራችንን ይዘን ውኃው ውስጥ እንውላለን።

ለበጋው የላክሽልኝ ልጅቷም ደኅና ናት። «ልጅሽ» ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። በተወለደች በሳምንቷ እንደ ደንባችን አቅፌ የሰጠሁሽ እኔው ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም። የሟች እናታችንን ስም ከነነፍሷ ስለያዘች ሁለታችንም «እማዬ» እንላታለን፤ አጎታችን አይፒሊም በዚያ ዕድሜው «እህቴ» ይላታል። እሷ ግን «እማዬ» የምትለው አንቺን ብቻ ነው። ይኼው አሥር ዓመት ሙሉ ያንገበግበኛል።

ባለፈው ሳምንት ዓሣ የሚያጠኑት ሰዎች መጥተው አምና ከዓሦቹ ጭንቅላት ያወጡትን፣ የዓሣውን ዕድሜና የዋለበትን ውኃ የሚናገረውን የጆሮ ድንጋይ ፎቶ አሳዩን። አይፒሊ፣ «ምርጡን፣ ጭንቅላቱን ወስዳችሁ ፎቶ ታመጡልናላችሁ?» ብሎ አሳቃቸው። አንደኛው ስድስት በጋ ባሕር ወርዶ የተመለሰ፣ ሰፊና ወፍራም ዓሣ ነው። ሌላው በዕድሜ እኩያው ሆኖ ከሐይቁ ሳይወጣ የኖረ፣ ጠቁሮ ከመዳፌ የማይበልጥ። ሁለቱም እዚሁ ሐይቅ የተፈለፈሉ ናቸው አሉን። አይፒሊ ወደ እኔ እያየ፣ «ይቺንስ ያለ ፎቶም አውቃታለሁ» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ወፍራሟ አንቺ ነሻ። ሄድሽ፣ ተማርሽ፣ ልጄንም ይዘሽ ሄድሽ።

«እኔስ የትኛዋ ነኝ?» ብላ ልጅቷ ጠየቀችኝ። «የሐይቁ ነሽ፤ እዚሁ ቅሪ» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ልንገርሽ። ሦስት ጊዜ ከመንደር በሬዲዮ ጠርተው፣ እናቷ ልታነጋግራት ትፈልጋለች አሉኝ። ሦስቱንም ጊዜ ግድቡ ላይ ናት እያልኩ ዘጋሁት። ለእሷ ደግሞ «ረስታሻለች መሰለኝ» አልኳት። አዎ፣ እንዲህ አልኩ።

በማግስቱ ውኃው ውስጥ ጎን ለጎን ቆመን ሳለ ጦሯን ዝቅ አደረገችና፣ «ልጄ» አለችኝ። እኔን። «ልጄ፣ ሬዲዮውን ሰምቻለሁ። በእህትሽ አትቅኚ ብዬሽ አልነበረም?»

አይፒሊ እንኳ አልሳቀም። እናታችን ስትሞት መጨረሻ የተናገረችው ይህንኑ ነበር፤ ድንኳኑ ውስጥ ከእሷና ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም፤ ለአንቺም ነግሬሽ አላውቅም። «እሺ እማዬ» አልኳት።

ነገ በአውሮፕላን ትመጣለች፤ ይህን ደብዳቤ የምትሰጥሽም ራሷ ናት። ከሣጥኑ ውስጥ ትልልቁ ዓሣ ያንቺ ነው። ይቅር በይኝ። ጤናሽን ይስጥሽ፣ ቤትሽ ይሙቅ፣ እሷንም ያሳድግልሽ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። በደረሰች ዕለት ፀጉሯን አትጠቢው። የዓሣና የጭስ ሽታ አለው፤ የእኔ ነው። አንድ ቀን ተይልኝ።

ታላቅ እህትሽ